በሐውልቱ ሥር የተሰጠ ትምህርት

መንገደኛ ፍሬ የተሸከመ ዛፍ ሲያይ ፍሬውን ያደንቃል፤ ከፍሬውም ቆርጦ ይበላል። ነገር ግን ያን ዛፍ በበጋ ውሃ እየቀዳ ያጠጣው፣ ከብትም እንዳይበላው አጥር ያጠረለት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። የመምህርም ሥራ እንደዚሁ ነው። ተማሪው ከከፍታ ላይ ሲደርስ ዓለም የሚያየው ተማሪውን ነው፤ ይህም የሚገባ ነው፤ የደከመውና የሮጠው እርሱ ነውና። ሆኖም ተካዩን ፈልጎ ማግኘት ለወጣት አንባቢ የሚሰጠው ትምህርት ስላለ፣ በዚህ ጽሑፍ የአንድ አሠልጣኝ መምህርን ሕይወትና ትተውት ያለፉትን ፍሬ እንደ አቅሜ ለማሳየት አስቤአለሁ። ሰውየው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ይባላሉ። ስለ እርሳቸው እንድመረምር ያስገደደኝ ግን የራሴ ጥፋት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን መናገር ይገባኛል።

እኔ ዕድሜዬን በታሪክ መምህርነት የፈጸምሁ ሰው ነኝ፤ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሳስተምር፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ስላልነበረ ርእሰ መምህሩ ፊሽካውን ለእኔ ሰጡኝና «እባክዎ፣ ሌላ መምህር እስኪመደብልን ድረስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ያሠልጥኑልን» አሉኝ። እምቢ ማለት ስላልቻልሁ ተቀበልሁ እንጂ ሥራውን እንደ ቅጣት ቆጠርሁት። ጠዋት ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ የሚያስተምር ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በአቧራ ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፋ መታየቱ ክብሬን የሚቀንስ መሰለኝ። ስለዚህ ልጆቹን «ሜዳውን ዙሩ» እልና ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ማን እንደ ቀደመ፣ ማን እንደ ደከመ፣ ማንስ ምሳ ሳይበላ እንደ መጣ ቀና ብዬ አላይም ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ ቤቱ ሩቅ ስለ ነበር በየቀኑ እየሮጠ ይመጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ ደብተሩም በላብ የራሰ ነበር። እኔም ሰነፍ ነው ብዬ ፈርጄበት ነበር። አንድ ቀን ስለ ፋሽስት ወረራ ካስተማርሁ በኋላ ለቃል ጥያቄ አስነሣሁትና «ጣልያን ከአክሱም ወስዶ በሮማ ያቆመው ሐውልት ምንድን ነው? ታሪኩን ንገረን» አልሁት። የምጠብቀው መልስ በደብተር ያስጻፍሁትን ነበር፤ ይኸውም ወራሪው የድሉ ምልክት እንዲሆንለት ወሰደው የሚለውን ነው። ልጁ ግን ጥቂት አሰብ አደረገና «ጋሼ፣ አበበ ቢቂላ ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደበት ቦታ ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥሎም «እዚህ የምንማረው ታሪክ ነው፤ የሩጫ ወሬህን ለሜዳው አቆየው» ብዬ በማርክ ደብተሬ ላይ ዜሮ ጻፍሁበት። ልጁ መልስ ሳይሰጥ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእኔ ክፍል እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ ዓመቱም ሲያልቅ ትምህርቱን ተወ። የተወበትን ምክንያት የእኔ ዜሮ ብቻ ነው አልልም፤ ድህነትም ነበረበት፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። ነገር ግን የእኔ ዜሮ ከምክንያቶቹ አንዱ አልነበረም ብዬ ለመማል ድፍረት የለኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ሮማው ሩጫ የተጻፈ ነገር በእጄ ገብቶ ሳነብ፣ ልጁ የተናገረው እውነት ሆኖ አገኘሁት። እውነትም ብቻ አይደለም፤ እኔ ካስጻፍሁት መልስ የጠለቀ ነበር። እኔ የነገርኋቸው ሐውልቱ እንዴት እንደ ተወሰደ ነበር፤ እርሱ የነገረኝ ግን የተወሰደብን ሐውልት በሌሎች አገር ቆሞ ሳለ እንኳ ለእኛ እንዴት እንደ ሠራ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ያን ሩጫ ከጀርባ ያቀናው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። ወደ ሻለቃ ኒስካነን ያደረሰኝ መንገድ ይህ ነው።

ኦኒ ኒስካነን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉ ሰው ናቸው። በሙያቸው ወታደርና የስፖርት ሰው ነበሩ። ኢትዮጵያ ከወረራው ነፃ ከወጣች በኋላ ትምህርት ቤቶቿን፣ ሆስፒታሎቿንና ሠራዊቷን እንደገና ለማቋቋም ስትጥር፣ ከስዊድን ብዙ መምህራን፣ ሐኪሞችና መኮንኖች ተቀጥረው ይመጡ ነበር። ሻለቃ ኒስካነንም ከነዚህ ጋር በ1946 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሥራቸውም የክብር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ማስተማር ነበር፤ በኋላም በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ይኸው ትምህርት በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፋ ሠርተዋል።

በዚያ ዘመን ሩጫ እንደ ትምህርት አይቆጠርም ነበር። የሚሮጥ ሰው ቢታይ ወይ መልእክተኛ ነው፣ ወይ የሚያሳድደው አለ ይባል ነበር እንጂ፣ ሰው ሰውነቱን ለማሠልጠን በማለዳ ተነሥቶ ይሮጣል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ኢትዮጵያም በኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ከተማ ሲሆን፣ ከዚያ ያለ ሜዳልያ ተመልሳለች። አሠልጣኙ ከዚህ ዓይነት መሬት ላይ ነበር ዘራቸውን የሚዘሩት።

ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላ የሚባል ወጣት ነበር። የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጃቶ መንደር ነው። ዝምተኛና ቀጭን ሲሆን፣ ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ ነበር። በጊዜው በሠራዊቱ ዘንድ ስሙ የገነነው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር እንጂ አበበ ገና አልታወቀም ነበር። ሻለቃ ኒስካነን ግን ይህን ወጣት አዩት። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ «አዩት» የሚለውን ቃል ሳትመረምር አትለፈው። ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ወረቀት የሚያርም ሰው አያይም። የሚያይ ከሯጩ ጋር የሚነሣ፣ ሰዓት ይዞ በመንገድ ዳር የሚቆም፣ ትናንት የሮጠውን ከዛሬው የሚያስተያይ ሰው ነው።

ትምህርቱም በጥበብ የተሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ያስሮጧቸዋል፤ ሌላ ጊዜ አጭር ርቀት በፍጥነት ሮጠው ጥቂት ካረፉ በኋላ ደግመው እንዲሮጡ ያደርጋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በዚያ የለመደ ደም ብዙ አየር መሸከም ይችላል፤ ዝቅ ካለ አገር ሲወርድም ትንፋሹ ይረዝማል። በሐምሌ ወር 1960 እ.ኤ.አ. አበበ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጠ። ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ከተማ ደግሞ ሲሮጥ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ሪከርድ የተሻለ ነበር። ከዓለም ማንም ይህን አላወቀም፤ አሠልጣኙ ግን ያውቁ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ተረት የሚፈጸመው እንዲህ ማንም ሳያይ በሚደረግ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሐውልቱ እንመለስ። ፋሽስት ኢጣልያ በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም ሐውልቶች አንዱን ወደ ሮማ አጓጓዘ። ሐውልቱ ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 160 ቶን ገደማ ነው። ያቆሙትም ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ፣ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸውን ያስተዳድር በነበረው ሚኒስቴር ፊት ለፊት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች። ዳሩ ግን ውሉ ሳይፈጸም ዓመታት አለፉ፤ የኦሎምፒክ ጨዋታ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ሲከፈትም ሐውልቱ እዚያው ቆሞ ነበር።

ሻለቃ ኒስካነንና አበበ ከውድድሩ አስቀድሞ መንገዱን አብረው ጎበኙት። ሌሎች በመንገዱ ላይ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ይቆጥራሉ፤ እነርሱም ቆጠሩ። ነገር ግን ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ያን ሐውልት አገኙት። ከእርሱም ቀጥሎ መንገዱ ጥቂት ዳገት ይላል። በዚህ ጊዜ ከተፎካካሪ ተለይቶ የመሮጫው ቦታ ይህ እንዲሆን ወሰኑ።

እኔ በታሪክ መምህርነቴ ዘመን ሁሉ ከሰማኋቸው ትምህርቶች ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። ለአሠልጣኝ፣ ለዳገቱ ሲባል ብቻ ቦታውን መምረጥ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ሯጩ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ድንጋዩም የአባቶቹ ሥራ ነው፤ ሯጩ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ አገሩን የወረሩ ሰዎች ነቅለው ወስደውታል። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ጉልበቱ ሊከዳው የደረሰ ሰው በጨለማ ውስጥ ያን ድንጋይ ሲያይ፣ ሌላ ሯጭ የማያገኘውን ኃይል ከእርሱ ያገኛል። ስለዚህ አሠልጣኙ በዚያች ሰዓት የታሪክ መምህርም ሆኑ። እኔ ታሪክን ከሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ እርሳቸው ግን ተማሪያቸው ከታሪኩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በመንገዱ ላይ አሳዩት።

ውድድሩ የተደረገው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ሩጫው አመሻሽ ላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተጀመረ። አበበ ያገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድ ጊዜ እንደ ለመደው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ተስማምተው ነበር። በመንገድ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ይህን ሲያዩ ተገረሙ፤ ከእርሱ አሸናፊነትን የጠበቀም አልነበረም።

በዚህ ሩጫ ውስጥ መምህርና ተማሪ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ነገር ደርሷል። ሻለቃ ኒስካነን ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ የሚያሰጋው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መሆኑን፣ ቁጥሩም 26 መሆኑን ለአበበ ነግረውት ነበር። ራዲ ግን በዚያ ቀን 26 ቁጥርን ትቶ በ10,000 ሜትር ውድድር የለበሰውን 185 ቁጥር ለብሶ ተሰለፈ። አበበ ይህን አላወቀም። ከሃያኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ 185 ቁጥር ከለበሰው ሯጭ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ፣ ዓይኑ 26 ቁጥርን ይፈልግ ነበር። የሚፈራው ሰው ከፊቱ ያለ እየመሰለው አልዘገየም፤ ያ ሰው ግን ከጎኑ ነበር።

እንግዲህ የመምህር ቃል ምን ያህል እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚቆም ተመልከት። አሠልጣኙ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት፤ የነገሩትም ትክክል ነበር፤ ዓለም ግን በመጨረሻው ሰዓት ቁጥሩን ለወጠችው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ቆሞ «መምህሬ የነገረኝ ቁጥር የታለ?» ብሎ አይጠይቅም። የተማረው ቁጥሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ በጠፋ ነበር። እርሱ የተማረው መሮጥን ነው፤ ስለዚህ 26 ቁጥር ቢኖርም ባይኖርም ሮጠ። መልካም መምህር የሚታወቀው በዚህ ነው። የሰጠው ምክር የማይጠቅምበት ሰዓት ሲመጣ ተማሪውን ባዶ እጁን አያስቀረውም።

ሌሊቱ ወርዶ ነበር። በጥንቱ በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ሁለቱ አፍሪካውያን ሌሎቹን ሁሉ ትተው ብቻቸውን ወደ ከተማው ገቡ። ከፖርታ ካፔና ሲደርሱ አበበ በተስማሙበት ቦታ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። አበበ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ደረሰ። ይህም እስከዚያ ቀን በዓለም ላይ ከተሮጠው ማራቶን ሁሉ የፈጠነ ነበር። ራዲ ከሃያ አምስት ሴኮንድ በኋላ ተከተለው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። ኢትዮጵያም አዲሱን ዓመት 1953ን የተቀበለችው በዚህ ዜና ነው።

«ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። በሮማ ድል ካገኘ በኋላ አበበ ለብቻው የሚሮጥ ይመስል ነበር፤ መምህሩ ግን ያለፈው ድል ለሚመጣው ሩጫ ስንቅ እንደማይሆን ያውቁ ነበርና ልምምዱ ቀጠለ። የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊደርስ አርባ ቀን ያህል ሲቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ሕመም ያዘውና በቀዶ ሕክምና ተረዳ። ብዙ ሰው ነገሩ አበቃ አለ። አሠልጣኙና ተማሪው ግን ከሆስፒታል እንደ ወጣ ሥራቸውን ቀስ ብለው እንደገና ጀመሩ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር የደረሰው። ከእርሱ በፊት የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። ሩጫውንም እንደ ጨረሰ በሣሩ ላይ ተኝቶ የሰውነት ማጎልመሻ መሥራት ሲጀምር በስታዲየሙ ያለው ሕዝብ ሁሉ ተደነቀ። ያ የሠራው ነገር ለትርኢት የተፈጠረ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሜዳ በየማለዳው ሲሠራው የኖረው ልምድ ነው።

የመምህርን ፍቅር የሚፈትነው ግን ድል አይደለም፤ ድል ሲያልፍ ነው። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው ኦሎምፒክ አበበ እግሩ ታሞ ነበርና ከአሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሩጫውን አቋረጠ። ድሉን ግን ጓደኛው ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ወሰደ። ማሞም ያደገው በዚያው በክብር ዘበኛ ሜዳ ነው። ሦስት ኦሎምፒክ በተከታታይ የማራቶን ድል ለአንድ አገር የሆነው አንዱን ሯጭ ብቻ ሳይሆን ሜዳውን ጭምር የሚያዘጋጅ መምህር ስለ ነበረ ነው። በአንድ ተማሪ ብቻ የሚኮራ መምህር ያ ተማሪ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ ብዙዎችን ያስተማረ ግን ከአንዱ ውድቀት አጠገብ የሌላውን መነሣት ያያል።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አበበ በሌሊት መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠ፤ ከወገቡ በታችም መንቀሳቀስ ተሳነው። ዓለምን በእግሩ ያስደነቀው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሆኖም ተስፋ አልቆረጠም፤ ለሕክምና በሄደበት በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወርውሮ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአርባ አንድ ዓመቱ አረፈ። እግሩ ከተወሰደበት በኋላ በእጁ የተወዳደረ ሰው፣ ከሜዳው የተማረው ሩጫን ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሻለቃ ኒስካነንም ከሩጫው ሜዳ ውጭ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና በሥጋ ደዌ ሕሙማን እርዳታ ሥራ አገልግለዋል። ወርቅ ያጠለቁ ሯጮችን ያሠለጠነ ሰው፣ ጭብጨባ በሌለበት ቦታ፣ ሰው ሊነካቸው በሚፈራቸው ሕሙማን መካከል ሲሠራ ማየት፣ የቀድሞው ሥራውም ለጭብጨባ እንዳልነበረ ያሳምናል። በ1984 እ.ኤ.አ. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ፍሬያቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ከእርሳቸው በኋላ አሠልጣኞቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬም ብዙ ዓመት የብሔራዊውን ቡድን አሠልጥነው ታላላቅ ድሎችን አስገኝተዋል። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ የበቆጂው የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ታሪክ ነው። በአርሲ ደጋ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት ልጆችን በማለዳ እያስነሡ አሠለጠኑ፤ ከዚያች ከተማም እነ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። እርሳቸው የተቀመጡበት ቦታ እኔ ከተቀመጥሁበት የሚለይ አይደለም፤ አቧራ ሜዳ፣ ፊሽካና ከሩቅ የሚመጡ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እኔ ወረቀት ሳርም እርሳቸው ልጆቹን ማየታቸው ነው።

ሐውልቱም በመጨረሻ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻም በጥንት ቦታው ቆመ። እኔም ሊያዩት ከሄዱት አንዱ ነበርሁ። ከሐውልቱ ሥር ቆሜ ወደ ላይ ሳየው፣ በመጽሐፍ የማውቀው የነገሥታት ታሪክ አልታወሰኝም። የታወሰኝ ያ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አበበ ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደበት ቦታ ነው» ሲል የነበረው ድምፅ እንደ ትናንት ተሰማኝ። የአሸናፊዎች ስም በራዲዮ በተነበበ ቁጥር የእርሱን ስም ጠብቄአለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልሰማሁትም። የቀድሞውን የማርክ ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ ዜሮውን ሰርዤ አሥር ጽፌበታለሁ። ይህ ለልጁ ምንም እንደማይጠቅመው አውቃለሁ፤ ከእጄ ላይ ግን እንደዚያ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ፊሽካውንስ ምን አደረግህ የምትለኝ ብትሆን፣ ስለ ሮማው ሩጫ ካነበብሁ በኋላ ሌላ መምህር ሲመደብልን እንኳ አልመለስሁትም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሰዓት በኋላ ከሜዳው አልጠፋሁም። ዓለምን የሚያስደንቅ ሯጭ አላወጣሁም። ነገር ግን ምሳ ሳይበላ የሚመጣውን አወቅሁ፤ ከሩቅ የሚመጣውን ልጅ ስለ መዘግየቱ ከመቅጣቴ በፊት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሮጠ ጠየቅሁ። በታሪክም ክፍል የማልጠብቀው መልስ ሲመጣ ከመሳቄ በፊት «እስቲ አስረዳን» ማለትን ተማርሁ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አንተ ምናልባት ገና ተማሪ ትሆናለህ፤ ነገ ግን ወላጅ፣ መምህር ወይም አለቃ መሆንህ አይቀርም። ዛሬ ተማሪ ሳለህ፣ መምህርህ የሚነግርህን ቁጥር ያዝ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ቢለወጥ የምትሮጥበትን ጉልበት ጭምር አብጅ። ነገ ደግሞ ሰው በእጅህ ሲሰጥህ፣ ከጥላህ ተነሥተህ ተመልከተው፤ ከየት እንደ መጣ፣ አባቶቹ ምን እንዳቆሙ፣ ምንስ እንደ ተወሰደባቸው እወቅ። ከዚያም በመንገዱ ላይ የእርሱ የሆነውን ድንጋይ ፈልገህ አሳየው። እርሱ ከድንጋዩ አጠገብ ተነሥቶ ሲሮጥ ዓለም ስሙን ይጠራል፤ የአንተን ስም የሚጠራ ላይኖር ይችላል። በዚያ ሰዓት ካዘንህ ገና መምህር አልሆንህም፤ ከሁሉ አስቀድመህ ካጨበጨብህ ግን ሥራህን ፈጽመሃል።